ገነነ ሳያይ የነፋው ጡሩምባ

ማንኩሳ ላይ ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚያውቀው ቤተሰቡ ነው፤ ቀጥሎ ገነነ። ከተማው የሚሰማው ከሁለቱ በኋላ ነው። ይህ ቅደም ተከተል ለሃያ ሁለት ዓመት አንድ ቀን እንኳ አልተዛነፈም ነበር።

ገነነ የታችኛው ሰፈር እድር ጡሩምባ ነፊ ነው። እንጀራው ግን ሌላ ነው፤ ከመናኸሪያው ጀርባ በአንዲት የቆርቆሮ ጥላ ሥር ተቀምጦ የተቀደደ ጀሪካንና የተሰነጠቀ ሳፋ በጋለ ብረት ይጠግናል። ጠግኖ እንደ ጨረሰ ዕቃውን ለባለቤቱ አይሰጥም። ውሃ ይሞላዋል፤ ደረቅ ድንጋይ ላይ ያስቀምጠዋል፤ ድንጋዩ ይረጥብ እንደሆነ ዓይኑን ሳይነቅል ይጠብቃል። የቸኮለች ደንበኛ ስትነጫነጭ፣ «የቸኮልሽ አንቺ ነሽ፤ ውሃው አልቸኮለም» ይላል። ከዚያ የሚረዝም ንግግር ከአፉ እምብዛም አይወጣም።

ጡሩምባውን የተረከበው ከአያ ዓለምነህ ነው። አያ ዓለምነህ ጉልበታቸው ደክሞ ሥራውን ሲተዉ አስጠርተውት፣ «ሳታይ አትንፋ» አሉት። «ቤተሰቡ እየጮኸም ቢሆን ግባና ፊቱን ገልጠህ እይ። ሩቅ አገር የሞተ ከሆነም ከቦታው የመጣውን ሰው በዓይኑ ማየቱን ሦስት ጊዜ ጠይቀው።» ገነነ ይህን ትእዛዝ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሉ ያዘው። ሰዎች ግን አልወደዱለትም። ልቅሶ ቤት ገብቶ የሬሳ ፊት የሚገልጥ ሰው እንግዳ ነገር ነው፤ «እንደ መርማሪ ፖሊስ ያደርገዋል» ብለው አሙት።

ሐሜቱ የቆመው እታለም በሞተች ዕለት ነው። እታለም ያን ጊዜ የሃያ ዓመት አራስ ነበረች። ሞተች ተብሎ እግሯ ታስሮ፣ ሴቶች ደረታቸውን ሲደቁ ገነነ ገብቶ ነጠላውን ሊገልጥ ጎንበስ አለ። ሳይገልጠው ቆመ። ነጠላው አፏ ላይ ሲርገበገብ አይቶ ነበር። ዛሬ እታለም ጠላ ሻጭ ናት፤ ምላሷ የሰላ፣ ሳቋ ከመንገድ ማዶ የሚሰማ። ገነነን ባየችው ቁጥር፣ «አያ ገነነ! ዛሬስ ልሙት ወይስ ልቆይ?» ትለዋለች። ገነነ አይስቅም። ትክክለኛ ሥራ ሠርቶ እንደ ተአምር ሲቆጠርለት ይከፋው ነበር፤ ሊከፋውም ይገባል፤ ያደረገው ማየት ብቻ ነውና።

በ2015 ዓ.ም. ኅዳር ወር፣ አንድ ረቡዕ ቀን፣ የንግሥቴ ልጅ ጠፋች። ንግሥቴ ባሏ ዘሩ ከሞተ ወዲህ በበርበሬ ነጋዴዎች መጋዘን በርበሬ እየቀነጠሰች የስድስት ዓመቷን ያምሮትን የምታሳድግ ሴት ናት። የዘሩን ሞት የነፋውም ገነነ ነው። ልጅቷ እኩለ ቀን ላይ ከቤት ወጣች፤ ወጥታ ቀረች።

የሰፈሩ ሰው ወዲያው ወጣ። አሸናፊ የሚባል ገበሬ፣ እርሻውን መስመር አስይዞ የሚያርስ ሰው፣ ፈላጊዎቹንም መስመር አስያዛቸው። ስልሳ ያህል ወንዶች ክንድ ለክንድ ተቀራርበው ከከተማው ወደ ታች ያለውን የበቆሎና የበርበሬ ማሳ እያንዳንዱን የአገዳ ክምር በዱላ እየገለጡ ያስሱ ጀመር። አድካሚ ነው፤ ዝግ ያለ ነው። ፍለጋ ማለት ግን ይኸው ነው።

ሌላ ዓይነት ፍለጋ ደግሞ በስልክ ላይ ተጀመረ። ፍኖተ ሰላም ውስጥ እንዳለው የሚባል ወጣት በስልኩ ዜና የሚያሰራጭበት ገጽ ነበረው። ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ሦስት ዓመት ሥራ ያጣ፣ ከእናቱ ቤት የሚኖር፣ ክፉ ያልሆነ ልጅ ነው። ረቡዕ ማታ ያወጣው የመጀመሪያ መልእክት ነቀፌታ የለበትም፤ የልጅቷ ስም፣ ካቻምና በልደት በዓል ሹሩባ ተሠርታ የተነሣችው ፎቶግራፍና የእናቷ ስልክ ቁጥር ነበረበት። ጥቂት ሰው አየው። ሐሙስ ዕለት ግን ማንኩሳ ድረስ መጥቶ ንግሥቴን በር ላይ አስቀምጦ ቀረጻት። ስታለቅስ ባጃጅ አልፎ ድምፁን ሲያበላሽበት፣ «እናቴ፣ እባክሽ ያንን ያለቀስሽውን እንደገና በይልኝ» አላት። እሷም አለቀሰች፤ እንባው ለቀረጻ ሲባል የሚመጣ አልነበረምና አልተቸገረችም። ማታ ቪዲዮው «እናትየው የደበቀችው ምንድን ነው?» የሚል ርእስ ይዞ ወጣ። እጆቿ ላይ ቀይ ክብ ተሥሎባቸዋል፤ ከበርበሬ የቀላ ጣቷ እንደ ወንጀል ምልክት ተቆጠረ። አስተያየት ሰጪዎች ሸጣታለች አሉ፤ ለጠንቋይ ሰጥታታለች ያሉም ነበሩ። በዚያች ሌሊት ይህን ያየው ሰው፣ የመጀመሪያውን መልእክት ካየው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። እንዳለው የጠየቃት ነገር ብዙ ነው። ልጅቷ በጠፋች ዕለት ምን ትመስል እንደ ነበር ግን አልጠየቃትም።

ዓርብ ጠዋት፣ ንግሥቴ ለፖሊስ ቃሏን ልትሰጥ በማለዳ ፍኖተ ሰላም እንደ ሄደች፣ የእድሩ ሊቀ መንበር መምህር ቴዎፍሎስ ስልካቸውን ይዘው ወደ ቆርቆሮው ጥላ መጡ። ጡረታ የወጡ፣ ካራቫት የማይለያቸው፣ ለሰው የሚያዝኑ ሰው ናቸው።

«ገነነ፣ ተነሥ። የንግሥቴ ልጅ ተገኘች።»

«እሰይ!»

«እሰይ አትበል። አስከሬኗ ነው። ብር ወንዝ ድልድይ ሥር።»

ገነነ የጋለውን ብረት ከእሳቱ አወጣና መሬት ላይ አኖረው። «ማን አየ?» አለ።

«አገር አየው እኮ ነው የምልህ። ይኸው፣ እየው።»

«እኔ ሰው ነው የጠየቅሁ፣ ጋሼ። ከቦታው የመጣ ሰው አለ?»

«ከቦታው ፎቶግራፍ መጥቷል። ፎቶግራፍ ምን ሊዋሽ ይችላል? ሰውማ ይዋሻል።»

ገነነ እጁን በጋቢው ጠርጎ ስልኩን ተቀበለ፤ ክንዱን ዘርግቶ አራቀው። የደረቀ ሣር ታየው። ነጭ ጨርቅ ታየው። ከጨርቁ ሥር ያመለጠ፣ ሣሩ ላይ የተበተነ የሕፃን ሹሩባ ታየው።

«የእሷ ለመሆኑስ?»

«ከሥሩ ተጽፏል። ያምሮት ዘሩ ይላል።»

እንደ ልማዱ ሦስት ጊዜ ጠየቀ፤ ሦስት ጊዜም ተመለሰለት። እንደገና ተመለከተ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። «አየሁ» አለ።

እዚህ ላይ ነው ገነነ የወደቀው። ደንቡን ጥሶ ቢሆን ኖሮ ኅሊናው ይወቅሰው ነበር። ደንቡን ያከበረ ስለ መሰለው ምንም አልቆረቆረውም። በዓይንህ እይ ተብሎ ነበር፤ በዓይኑ አየ። የታየው ነገር ከየት እንደ መጣ፣ ማን እንዳነሣው፣ መቼ እንደ ተነሣ ግን ጀሪካን ላይ የሚያደርገውን ያህል እንኳ አልጠበቀም።

«አስከሬኑ ኋላ ይመጣል፤ እናትየው ከመመለሷ በፊት ድንኳኑ ይቁም» አሉ መምህር ቴዎፍሎስ። «ባዶ ቤት ገብታ መርዶው እንዳይጥላት።» ሐሳቡ የርኅራኄ ነው።

ሦስት ሰዓት ላይ ገነነ ነፋ። ሰፈሩን ዞሮ፣ በየመታጠፊያው ቆሞ፣ የያምሮት ዘሩን ሞት አወጀ።

አሸናፊና ሰዎቹ ድምፁን የሰሙት ከማሳዎቹ ግርጌ ወዳለው ወንዝ ለመድረስ ሁለት ማሳ ሲቀራቸው ነው። ቆሙ። ጡሩምባ ሰምቶ ማሳ ላይ የሚቀር ሰው በዚያ አገር የለም፤ ከልቅሶ የቀረ ሰው የራሱን ሬሳ የሚያነሣለት እንደማያገኝ ያውቃል። ደግሞስ የሞተች ልጅ ለምን ትፈለጋለች? ዱላቸውን ተሸክመው ወደ ከተማ ተመለሱ። በአምስት ሰዓት ሁሉም ድንኳን ውስጥ ተቀምጠው ነበር።

ንግሥቴ ከባጃጅ የወረደችው ሰባት ሰዓት ላይ ነው። ድንኳኑን አየችው። የማን ልቅሶ እንደሆነ ለመጠየቅ አፏን ስትከፍት በራሷ ግቢ መሆኑን ተገነዘበች። ሴቶቹ እየጮኹ ተቀበሏት፤ ሁለቱ ክንዷን ያዟት፤ አንዷ ነጠላዋን ልታዘቀዝቅላት እጇን ዘረጋች።

ንግሥቴ ነጠላዋን ነጠቀቻት። «ማን አየ?» አለች።

«ተይ ልጄ፣ እግዜር ያውቃል...»

«እግዜር እንደሚያውቅ አውቃለሁ። ከእናንተ ማን አየ? ልቅሶ የተቀመጠበት ሰው አይፈለግም። ልጄን ዛሬ ካለቀስሁላት ነገ የሚፈልጋት የለም። አላለቅስም!»

ሴቶቹ ተያዩ። ኀዘን አሳበዳት ብለው አሰቡ፤ ለሚያስቡትም ምክንያት ነበራቸው። እሷ ግን ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ጡሩምባውን አቅፎ የተቀመጠውን ሰው ለይታ ወደ እሱ ሄደች።

«አያ ገነነ፣ አንቱ ነፉ?»

«ነፋሁ፣ ልጄ።»

«የዘሩ ጊዜ ቤቴ ገብተው ፊቱን አይተው ነው የነፉት። አስታውሳለሁ፤ ያን ጊዜ ጠልቼዎት ነበር። ዛሬስ አይተዋታል?»

«አይቻታለሁ።»

«የት?»

 «በመምህር ስልክ» አለ።

«ምን ለብሳለች?»

«ጨርቅ ሸፍነዋታል። ጠጉሯ ነው የታየኝ። ሹሩባዋ ሣሩ ላይ...»

ንግሥቴ ድንገት መሬት ላይ ተቀመጠች። ወደቀች ብለው ሊያነሷት ሲሯሯጡ እጇን አወናጨፈች። «ማክሰኞ ራሷን ላጭቻታለሁ» አለች። «ቆረቆር ይዟት ሙልጭ አድርጌ ነው የላጨኋት። ልጆች ሲስቁባት አልቅሳ አክስቴ ዘንድ እሄዳለሁ ብላ ነው የወጣችብኝ፤ እዚያም አልደረሰችም። የእኔ ልጅ ጠጉር የላትም፣ አያ ገነነ!»

ገነነ ከማክሰኞ በኋላ ልጅቷን አላያትም ነበር። የተላጨ ራሷን ያዩት ጎረቤቶች ደግሞ ስልኩን አላዩትም፤ ሲያለቅሱ ነበር። እውነቱ በሰፈሩ ውስጥ ነበረ፤ የጠየቀው ግን አልነበረም።

ገነነ ተነሥቶ ወደ ድንኳኑ መካከል ገባ። «ሰዎች፣ ሳላይ ነው የነፋሁት» አለ። «ሬሳው የሌላ ነው። ተነሡ፣ ወደ ማሳችሁ።»

መምህር ቴዎፍሎስ ወደ ጆሮው ጠጋ አሉ። «ተው፣ ገነነ። የእናት ልብ ነው፤ ዛሬ ምን የማይል አለ? እድሩን መሳቂያ አታድርገው። ከፖሊስ እስኪጣራ ሰው ይቀመጥ።»

«ሳይጣራ እንድነፋ ያደረጉኝ ማን ናቸው፣ ጋሼ?»

ማንም አልተነሣም። የሞት ጡሩምባ መመለሻ የለውም፤ እንዲህ ያለ ነገር ተደርጎ አያውቅም፣ ደንብም አልወጣለትም።  ገነነ ወደ ውጭ ወጣና የድንኳኑን ገመድ ከካስማው ፈታ። ሁለተኛውን ፈታ። ሦስተኛው ላይ ሸራው ሽማግሌዎቹ ራስ ላይ ተዘረገፈ። በዚያ አገር የልቅሶ ድንኳን ያፈረሰ ሰው አልታየም ነበር፤ እርግማኑ ከሸራው ሥር ገና ሲወጣ ገነነ መንገድ ጀምሯል።

ጠዋት በቆመበት በእያንዳንዱ መታጠፊያ ቆመ። ነፋና እንዲህ ሲል ጮኸ፦

«የታችኛው ሰፈር ሰው ስማ! እኔ ገነነ ነኝ። ጠዋት የነፋሁት ሐሰት ነው። ያምሮት ዘሩን ሞታ አላየኋትም። በሕይወት አለች አልላችሁም፤ እሱንም አላየሁም። ሹሩባ የላትም፤ ራሷ ተላጭቷል። ውጡና ፈልጉ!»

ከየበሩ የወጣው መጀመሪያ ሳቅ ነው። አንዱ ባጃጅ ነጂ፣ «አያ ገነነ፣ የኔንም አያት ይመልሷት እስቲ!» አለ። ሌላው፣ «ጡሩምባውን ገልብጠው ይንፉት እንጂ፤ በዚያ በኩል ነው መመለሻው!» አለ። ገነነ የተሰደበበትን ቦታ አልዘለለም፤ እያንዳንዱ በር ላይ ቃሉን ደገመው። ይህን ጀግንነት ማለት አይገባም። በገዛ አፉ የበተነውን ሐሰት በገዛ እግሩ የሚሰበስብ ሰው ዕዳውን መክፈሉ ነው። ነገር ግን ዕዳውን የሚከፍል ሰው በጠፋበት ዘመን ጎልቶ ይታያል።

እታለም የጠላ ቤቷ በር ላይ ወገቧን ይዛ ትሰማው ነበር። «ሙታን ማስነሣቱን ደግሞ ጀመሩት?» አለችው።

ገነነ ቀና ብሎ አያት፤ ከንፈሩ ደርቋል። ጡሩምባውን እንደገና ወደ አፉ አነሣ።

እታለም ሳቋ ጠፋ። ወደ ውስጥ ዞራ፣ «ውጡ!» አለች፤ «አንድ ጠጪ እንዳይቀር። እኔንም ሬሳ ብላችሁኝ ነበር እኮ፤ ነጠላዬን ያየልኝ ይሄ ሰውዬ ነው። ውጡ ብያለሁ! ጠላው አይሸሽም!» ዱላ አንሥታ ፊት ፊት ሄደች። ከፈረሰው ድንኳን አሸናፊ ይህን አየ፤ ሴት ቀደመችኝ ብሎ ይሁን ወይም አምኖ፣ እሱም ሰዎቹን አስነሣ።

ስምንት ሰዓት ላይ መስመሩ ጠዋት ከተቋረጠበት ቀጠለ። አሸናፊ ማንም እንዳይናገር አዘዘ። ገነነ ከመስመሩ ጫፍ ነበር፤ ጡሩምባውን ብብቱ ሥር ወሽቆታል።

ከወንዙ ዳር ያሉ ገበሬዎች ክረምቱ ሲወጣ ለመስኖ የእጅ ጉድጓድ ይቆፍራሉ። ቁፋሮው እስኪያልቅ ከብት እንዳይገባበት አፉን በበቆሎ አገዳ ይሸፍኑታል፤ ከሩቅ ሲታይ ከሌላው የአገዳ ክምር አይለይም። በአሥር ሰዓት ተኩል አሸናፊ አንዱን ክምር በዱላው ሲገልጥ ዱላው ወደ ታች ሰመጠበት። በርከክ ብሎ አገዳውን በሁለት እጁ ገፈፈው። ሁለት ሰው ቁመት ያህል ወደ ታች፣ ጭቃ ውስጥ፣ የተላጨች ትንሽ ራስ ታየች። ብርሃኑ ሲያርፍባት ያምሮት ሁለት እጆቿን አነሣች፤ ለእርዳታ አልነበረም። ራሷን ሸፈነች።

«እንዳታዩኝ» አለች፤ ድምፅዋ የወጣ አይመስልም ነበር። «መላጣ ነኝ።»

እግሯ ተሰብሯል። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። አንድ ቀን ብትጨምር ጥሙ አያስተርፋትም ነበር አሉ በሕክምና ያዩዋት። ዛሬ ትሄዳለች፤ በግራ በኩል ትንሽ ታነክሳለች። እግሯ ሙሉ በሙሉ ሊድን ያልቻለው ከመውደቋ ይሁን ወይም በዚያ ዓርብ በከንቱ ካለፉት አምስት ሰዓታት፣ የሚያውቅ የለም። ገነነ ግን ለራሱ ፈርዷል።

ቅዳሜ ዕለት እንዳለው ካሜራውን ይዞ መጣ። ዓርብ በገጹ ያወጣውን የሌላዋን ሕፃን ፎቶግራፍ ያገኘው ከሌላ ገጽ ነበር፤ ያም ገጽ ከሌላ፤ ሕፃኗ ማን እንደ ነበረች፣ የት አገር እንደ ሞተች እስካሁን አልታወቀም። የዓርቡን መልእክት ማንም ሳያስተውል ከገጹ አጥፍቶታል። ከቆርቆሮው ጥላ ሥር ቆመ።

«አባባ፣ ጡሩምባውን ይዘው አንድ ጊዜ ብቻ ይንፉልኝና ልቅረጽዎት።»

«ማን ሞተና?» አለ ገነነ።

ልጁ ሊስቅ ጀመረና ተወው። «የዓርቡን እኔ አይደለሁም የፈጠርኩት፤ እኔም ከሰው ነው ያገኘሁት።»

«ሄደህ አላየህም?»

«ዜና እኮ እስኪታይ አይጠበቅም፣ አባባ። ሌላው ይቀድምሃል።»

«እኔም ቀድሜ ነበር» አለ ገነነ፤ ጀሪካኑ ውስጥ ውሃ መሙላት ጀመረ። «የእናቲቱን ቤት ታውቀዋለህ። የቀደምህበትን በር ሂድና አንኳኳ። ካሜራውን እዚሁ ተወው፤ እጠብቅልሃለሁ።»

 የእንዳለው ፊት ላይ ኀፍረት መጣ፤ እውነተኛ ኀፍረት ነበር። ከጀሪካኑ ሥር ያለው ድንጋይ አለመርጠቡ እስኪታወቅ ያህል ቆየ። ከዚያ ካሜራውን አንግቶ ወደ መናኸሪያው ሄደ። ማታ «ሰበር፦ ከሞት የተነሣችው ሕፃን» የሚል ቪዲዮ ወጣ፤ ከቀደሙት ሦስቱ መልእክቶች ሁሉ የበለጠ ሰው ያየው ያንን ነው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እድሩ ተሰበሰበ። ገነነ ጡሩምባውን በመምህር ቴዎፍሎስ ጠረጴዛ ላይ አኖረው። «ሳላይ አየሁ ብያለሁ» አለ። «ከእንግዲህ ጆሯችሁ አያምነኝም። ሌላ ሰው ይያዘው።» ድንኳኑን በማፍረሱ ሊወቅሱት የመጡት ሽማግሌዎች ነገሩ ባልጠበቁት በኩል ስለ ዞረባቸው ወቀሳቸውን ተዉት። መምህሩም ጡሩምባውን አዩት እንጂ አልነኩትም፤ ስልኩን ያቀረቡት እሳቸው መሆናቸውን ያን ዕለት በአደባባይ አለመናገራቸው ግን በስማቸው ላይ ይቆያል።

ከሴቶቹ መካከል ንግሥቴ ተነሣች።

«ሰው ሁሉ ስለ እኔ ተናገረ» አለች። «ሸጠቻት የተባልሁ እኔ ነኝ። እጄን ክብ ሠርተው ለአገር አሳዩት። ከዚያ ሁሉ ሰው ደጄ ድረስ መጥቶ ‹ዋሽቼብሻለሁ› ያለኝ አንድ አያ ገነነ ናቸው። ጡሩምባውን ለማይሳሳት ሰው ልትሰጡ ከሆነ ፈልጉት፤ እኔም አብሬ እፈልጋለሁ። እስኪገኝ እሳቸው ጋ ይቀመጥ።»

እታለም ከኋላ፣ «እኔም ሁለተኛ ስሞት ሌላ ሰው አላስገባም!» አለች፤ ጉባኤው ሳቀ። ገነነ አልሳቀም። ጡሩምባው ግን ወደ እሱ ተመልሶ ተገፋለት።

በታኅሣሥ መጀመሪያ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ መንደር አንድ ሽማግሌ ማረፋቸው በስልክ ተነገረ። መምህር ቴዎፍሎስ ራሳቸው መጥተው ነገሩት፤ ስልካቸውን ግን ከኪሳቸው አላወጡትም። ገነነ ብረቱን ከእሳቱ አውጥቶ ዱላውን አነሣ። መንገዱ የአንድ ሰዓት ነው። ቤተሰቡ፣ «ምን ያዘገየዋል፤ ዘመድ ሊጠራልን ነው እኮ!» እያለ ሲያጉረመርም ደረሰ፤ ጫማውን አውልቆ ገባ፤ አልጋው አጠገብ ተንበረከከ። ጋቢውን ገልጦ ፊታቸውን አየ። እጁን አፍንጫቸው ሥር አኑሮ ቆየ።

ከዚያ ሸፈናቸው፤ ወጣና ነፋ።